አዲስ ፒንቦል ቤት ስትተክሉ፦ የሁለት ሳምንት ልምዴና ግምገማዬ

ፒንቦል ገዛሁ፤ መስታወት በተከደነ ተዳፋት ሰሌዳ ላይ የሚሮጥ የብረት ኳስን ከታች ወድቆ እንዳይጠፋ ፍሊፐር በሚባሉ ሁለት ትንንሽ እጆች እየመቱ የሚጫወቱበት ትልቅ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ለዓመታት ስመኘው የነበረ ዕቃ ስለሆነ በመጣበት ማታ ቁጭ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ሁለት ሳምንት ታገስኩ። እንኳንም ታገስኩ። የዚያን ዕለት ብጽፍ ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼ እዘጋው ነበር። ዛሬ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። በመሃል ከአንድ ትንሽ ሞላ በስተቀር የተቀየረ ዕቃ የለም። የተቀየረው ልኩ ነው፤ የሰሌዳው ተዳፋት፣ የፍሊፐሮቹ አቀማመጥ፣ የሁለት ስዊች (ኳስ ሲነካው ለማሽኑ የሚያሳውቅ ቁልፍ) ክፍተት፣ ሜኑ ውስጥ ያሉ ጥቂት ቁጥሮች። ስለዚህ ስለ ማሽኑ የምጽፈውን ያህል ስለ ማስተካከሉም እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም እኔ እንዳየሁት ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ማሽኑ ይሄን ይመስላል። ከታች ሁለት ፍሊፐር፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ ራምፕ፣ ማለትም ኳስ የሚወጣበት ዳገት፣ መሃል ላይ ኳስ ውጦ መልሶ የሚተፋ ስኩፕ፣ ከላይ ኳስ ሲነካቸው መልሰው የሚገፉ ሦስት ባምፐሮች፣ ጀርባው ላይ ስክሪን። ኳሱ ስድስት ነው። ደረጃው ዝቅተኛው ነው። አምራቾች አንዱን ጨዋታ በሁለትና በሦስት ደረጃ ይሸጡታል፤ ውድ በሆነው ላይ ተጨማሪ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችና ጌጦች ይኖራሉ። እኔ ዝቅተኛውን የመረጥኩት አስቤበት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያንስ የሚበላሽም ያንሳል፣ ኳሱም እንደልቡ ይሮጣል። የአምራቹን ስም አልጠቅስም። የማነሳው ችግር የማንኛውም አምራች ማሽን ላይ ሊገጥማችሁ ይችላል።

መጀመሪያ ስለ ክብደቱ። ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ካርቶኑ ቆሞ ነው የሚመጣው፣ እግሮቹ ተነቅለው፣ የጀርባው ሳጥን ወደ ፊት ታጥፎ። ብቻችሁን አትሞክሩት። እኔና እህቴ ሆነን ነው ያወጣነው፣ ሁለት ሰው ደግሞ በጣም አነስተኛው ቁጥር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በራችሁንና ኮሪደራችሁን ለኩ። ተተክሎ ሲያልቅ ወርዱ 70 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 140፣ ቁመቱ 190 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተጫዋቹ የሚቆምበት ቦታ አለ። ሌላው መስኮት ነው። ከመስኮት ትይዩ ካስቀመጣችሁት መስታወቱ ላይ የሚታያችሁ ኳሱ ሳይሆን መስኮቱ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበትም የሰሌዳውና የሳጥኑ ሥዕል ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።

እግሮቹ በስምንት ብሎን ይታሰራሉ፣ ለአንድ እግር ሁለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዓለም ላይ የሚሸጠው አዲስ ፒንቦል አብዛኛው የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎና አካባቢዋ ነው። ስለዚህ ብሎኑም ዳዶውም በኢንች ነው የሚለካው። ቤት ያለው የሚሊሜትር ቁልፍ አንዳንዱ ላይ ለጥቂት ይገባል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ራሱን አሟሽሾ ያበላሸዋል። የኢንች ቁልፍና የኢንች ብሩጎላ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ጥሩ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ባትሪ እና ትንሽ ማግኔትም ጨምሩ። ማግኔቱ ውስጥ የወደቀ ቪት ለማውጣት ነው፣ መውደቁ ደግሞ አይቀርም።

የጀርባውን ሳጥን ስታነሱ ኬብሎቹ ማጠፊያው ላይ እንዳይቆነጠጡ አንዱ ሰው ከኋላ ሆኖ ይመልከት። ካነሳችሁት በኋላ ሳይታሰር አንድ ደቂቃ እንኳ አትተዉት። ከባድ ነው፣ ተመልሶ ቢወድቅ የሰው እጅ ይሰብራል። መስታወቱ ደግሞ ጠንካራ ቢሆንም ጠርዙ ላይ ከተነካ እንዳለ ነው የሚረግፈው። ስታወጡት በጠርዙ ሴራሚክ ላይ አታቁሙት። እኛ ፎጣ አንጥፈን ግድግዳ ላይ አስደገፍነው።

ኳስ ከመጨመራችሁ በፊት ሰሌዳውን አንሱና ከሥሩ ያለውን በባትሪ ተመልከቱ። የመጓጓዣ ስፖንጅና የፕላስቲክ ማሰሪያ በየቦታው ተሸጉጧል፣ አንዱ ከተረሳ ኳስ ያጣብቃል። እኛ ደግሞ የሳጥኑ ወለል ላይ አንዲት ብቸኛ ቪት አገኘን። ከየት እንደወጣች ሳላውቅ ማሽኑን ማብራት አልፈለግኩም። ከኮይሎቹ ሽቦ መሃል ብትገባ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ልታቃጥል ትችላለች። አርባ ደቂቃ ፈለግን። የአንድ ራምፕ ደጋፊ ማሰሪያ ሆና ተገኘች። አዲስ፣ ታሽጎ የመጣ ዕቃ ላይ ይሄ መሆን አልነበረበትም፤ ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ነው። ያን ጊዜ ያገኘሁትን ሌላ የላላ ቪት ሁሉ አብሬ አጠበቅኩ። ስታጠብቁ ግን በልክ ይሁን። ሰሌዳው እንጨት ነው፣ ቪት ከመጠን በላይ ከተሽከረከረበት ቀዳዳው ይሰፋል።

ስታበሩት አንድ ግር የሚል ነገር አለ። የፊት በሩ ሲከፈት ለኮይሎቹ የሚሄደው ኃይል ይቋረጣል። ኮይል ማለት ፍሊፐሩንም ባምፐሩንም የሚገፋው የሽቦ ጥቅልል ነው፤ በእኔ ማሽን በ48 ቮልት ይሠራል። በሩ ላይ ያለው ስዊች ኃይሉን የሚያቋርጠው እጅ ለሚያስገባ ሰው ደህንነት ነው። ስለዚህ በሩን ከፍታችሁ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኮይል ስትፈትኑ ምንም ባይነቃነቅ አትደንግጡ። ስዊቹን ወደ ፊት ጎትታችሁ ስታወጡት ይሠራል። ያኔ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ሶኬቱም የመሬት ሽቦ ያለው ይሁን። እንዲህ ያለ ብረት የበዛበት ዕቃ ያለ እሱ አይሰካም።

የመጀመሪያው ማታ ተጫወትን። ልቤ ወረደ። ኳሱ ይንሳፈፋል። ከላይ ሲወርድ የሚቸኩልበት ነገር ያለ አይመስልም፣ ግራና ቀኝ እየተንገዋለለ ይመጣል፤ ስኩፑ በተፋው ቁጥር ደግሞ ቀጥ ብሎ በሁለቱ ፍሊፐሮች መሃል ይሄዳል። እህቴ ሁለት ጨዋታ ተጫውታ እጇን አነሳች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው የመጣው።»

«አልተበላሸም፣ አልተስተካከለም» አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። ከቀኝ ፍሊፐር ወደ ግራው ራምፕ ሃያ ጊዜ መታሁና ቆጠርኩ። ስድስት ገባ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ በኋላ ማስተካከሌ ማሽኑን ይለውጠው ወይስ እኔ እየለመድኩት ይሁን ለማወቅ።

በማግስቱ የጀመርኩት ከተዳፋቱ ነው። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው የቆመው። ለአዳዲስ ማሽኖች የተለመደው ልክ 6.5 ዲግሪ ነው። ከጎን ትንሽ የውሃ ልክ ተገጥሞለት ይመጣል፣ እሱን ግን ለመነሻ ብቻ ነው የማየው። ዲጂታል የውሃ ልክ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ከሌላችሁ የስልክ አፕ ይበቃል፤ ግን ስልኩን አንዴ ለክታችሁ አዙራችሁ ደግሞ ለኩ፣ ሁለቱ ቁጥር ካልተመሳሰለ ስልኩ ራሱ ይስተካከል። ዋናው ነገር ግን የምትለኩበት ቦታ ነው። መስታወቱ ላይ አትለኩ፤ የመስታወቱ ተዳፋትና የሰሌዳው ተዳፋት አንድ አይደሉም። መስታወቱን አውጥታችሁ ሰሌዳው ራሱ ላይ፣ ከፍሊፐሮቹ ከፍ ብሎ ባለው ባዶ ቦታ ለኩ፣ ከዚያ መሃል ላይ፣ ከዚያ ከላይ።

የእኔ 5.4 ነበር። አንድ ዲግሪ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ኳሱን ወደ ታች የሚስበው የስበት ድርሻ ከተዳፋቱ ሳይን ጋር ነው የሚሄደው፤ ከ5.4 ወደ 6.5 ስትወጡ ያ ድርሻ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኳሱ 80 ግራም የሚመዝን፣ 27 ሚሊ ስፋት ያለው የብረት ድቡልቡል ነው። ያቺ ጭማሪ መንሳፈፉን ወደ መሮጥ ትለውጠዋለች። ከዚህ ሌላ የጨዋታው ዲዛይነር ከስኩፑ የሚወጣው ኳስ የት እንደሚያርፍ፣ ራምፑን ለመውጣት ስንት ጉልበት እንደሚበቃ ያሰበው ያንን ተዳፋት ይዞ ነው። በተሳሳተ ተዳፋት ላይ ሌላውን ሁሉ ብታስተካክሉ መልሳችሁ ታፈርሱታላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ጉልበት ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ እግር ሥር የሚሽከረከር መጫሚያ አለ። የፊቶቹን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገባን፣ የኋላዎቹን ወደ ውጭ። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ያሽከረክራል፣ አውርዶ መለካት፣ ደግሞ ማንሳት። ከዚያ ግራና ቀኙን። እሱ ዜሮ መሆን አለበት፣ ድርድር የለውም፤ ኳስ በትንሹም ቢሆን ወደ አንድ ወገን ካደላ ጨዋታው በሙሉ ወደዚያ ወገን ይፈስሳል። የእኔ ከታች ዜሮ ሆኖ ከላይ 0.2 አሳየ። ሳጥኑ ትንሽ ጠመም ያለ ይመስለኛል። የታችኛውን መረጥኩ፣ ምክንያቱም ኳስ የሚጠፋውም የሚድነውም ፍሊፐሮቹ አካባቢ ነው። ሲያልቅ ከመጫሚያዎቹ በላይ ያሉትን ዳዶዎች አጥብቁ፣ አለበለዚያ በንዝረቱ ብቻ ይፈታሉ። ምንጣፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ መልሳችሁ ለኩ፤ የእኔ እግሮቹ ምንጣፉ ውስጥ ሰምጠው በአምስተኛው ቀን 6.2 ሆኖ አገኘሁት።

ተዳፋቱ ብቻውን ማሽኑን ግማሽ አዳነው። ቀጣዩ ፍሊፐር ነው።

ፍሊፐር ማለት የፒንቦል እጅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ጎትሊብ የሚባለው የቺካጎ አምራች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሊፐር የገጠመበትን ማሽን እስኪያወጣ ድረስ ተጫዋች ኳሱን ከለቀቀ በኋላ ሳጥኑን ከመነቅነቅ በቀር ብዙም የሚያደርገው አልነበረም። ዛሬ ጨዋታው ሁሉ በእነዚህ ሁለት እጆች ነው። የእኔ የግራው ሲያርፍ ከቀኙ ሁለት ሚሊ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ለዓይን ምንም አይደለም። ለምት ግን ብዙ ነው፤ ፍሊፐሩ የሚጀምርበት ቦታ ሲለወጥ ኳሱ የሚሄድበት አቅጣጫም ይለወጣል። ትክክለኛው አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ኳሱን ወደ ፍሊፐሩ ከሚያደርሰው መስመር ጋር ቀጥ ብሎ መያያዙ ነው። የብዙ ማሽኖች ሰሌዳ ላይ ከፍሊፐሩ ጫፍ አጠገብ ደቃቅ ቀዳዳ አለ። የጥርስ መጎርጎሪያ እዚያ ትሰካላችሁ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ ከሰሌዳው ሥር የፍሊፐሩን ማያዣ ብሎን ታላሉ፣ ፍሊፐሩን መጎርጎሪያው ላይ አስደግፋችሁ መልሳችሁ ታጠብቃላችሁ። ስታጠብቁ ፍሊፐሩ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሚሊ ያህል ሊነቃነቅ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ከተጣበቀ ይፋተጋል፣ ሲሞቅ ይደክማል፣ ሰሌዳውንም ይፍቃል። ይቺን አንድ ሚሊ እንዳትረሱ።

ከፍሊፐሮቹ በላይ ግራና ቀኝ ያሉት ሦስት ማዕዘን ስሊንግሾቶች ናቸው። ኳስ ጎማቸውን ሲነካ በኃይል መልሰው ይገፉታል። የእኔ የግራው ኳስ በደንብ ካልተመታበት ዝም ይል ነበር፣ የቀኙ ግን በትንሽ ንክኪ ይተኮሳል። ከጎማው ኋላ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፣ ሲነካኩ ነው የሚሠራው። የግራው ክፍተት ሰፍቶ ነበር። በትንሽ ማጠፊያ አንድ ሚሊ ገደማ አቀራረብኩት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ትንሽ አጥፉ፣ ሞክሩ፣ ደግሞ ትንሽ። በጣም ካቀረባችሁት ባምፐሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ማንም ሳይነካው ይተኮሳል። ሜኑ ውስጥ የስዊች መፈተኛ አለ። ኳስ በእጃችሁ ይዛችሁ እያንዳንዱን ስዊች አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ሁሉንም፣ አንዱንም አትዝለሉ። ማሽኑ አንዱን ኳስ ካላየው ጠፍቷል ብሎ ፍለጋ ይጀምራል፣ ኮይሎቹን ሁሉ ያንቀሳቅሳል፣ ጨዋታው ይቆማል።

ስኩፑ ሌላ ነገር ነው። ተዳፋቱን ካስተካከልኩ በኋላም ከአምስት አንዱን መሃል ለመሃል ይሰድደው ነበር። ሜኑ ውስጥ የኮይል ኃይል ማስተካከያ አለ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው። ሁለት ደረጃ ቀነስኩ፣ ኳሱ የቀኙ ፍሊፐር ላይ ማረፍ ጀመረ። ይሄን ለማግኘት ግማሽ ማታ ፈጅቶብኛል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የጨመርኩት ኃይሉን ነበር፣ ባሰበት። እዚያው ሳላችሁ የፍሊፐሮቹን ኃይልም ታገኛላችሁ፤ እሱን አትንኩ። ራምፕ አልወጣ ሲል ሁሉም ሰው የሚጨምረው እሱን ነው። የሚገኘው ውጤት ግን የሚዘልል ኳስና የሚሰበር ፕላስቲክ ነው። የእኔ ራምፕ ያስቸገረኝ መግቢያው ላይ ያለችው ቀጭን ብረት ከሰሌዳው ትንሽ ከፍ ብላ ስለነበር ነው። በጣቴ ጫን አድርጌ አስተኛኋት። አለቀ።

ፕለንጀሩን፣ ማለትም ኳሱን ወደ ጨዋታው ለመልቀቅ በእጅ ተስቦ የሚለቀቀውን ባለ ሞላ ዘንግ በተመለከተ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ኒው ዮርክ ከተማ ፒንቦልን ቁማር ነው ብላ እ.ኤ.አ. በ1942 ከልክላ ነበር። እገዳው የተነሳው በ1976 ነው። ሮጀር ሻርፕ የሚባል ሰው በከተማዋ ምክር ቤት ሰዎች ፊት ማሽን አስቁሞ፣ ኳሱ በየትኛው መስመር እንደሚገባ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ፕለንጀሩን ስቦ ለቀቀ። ኳሱም ባለው መስመር ገባ። ያ ሰው ያንን ማድረግ የቻለው ፕለንጀሩ በሳበው ልክ ስለታዘዘው ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ ግን አይታዘዝም ነበር። ጫፉ የኳሱን መሃል ሳይሆን ጠርዙን ነበር የሚመታው፣ ኳሱ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወጣው። ሦስቱን ማያዣ ብሎኖች አላልቼ ወደ ጎን ገፋ አደረግኩትና አጠበቅኩ። ሞላውንም በትንሹ ለስለስ ባለ ቀየርኩት። ግማሽ ስቤ ስለቅ አሁን ኳሱ በግማሽ ኃይል ነው የሚወጣው። ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ብዙ ሰው ፕለንጀሩ በዕድል የሚሠራ ይመስለዋል።

ቲልት ደግሞ የየሰው ምርጫ ነው። ከበሩ ኋላ በግራ በኩል እንደ ግንበኛ ቱምቢ የተንጠለጠለ ሾጣጣ ብረት አለ፣ በቀለበት ውስጥ። ሳጥኑን ስትገፉ ሲወዛወዝ ቀለበቱን ከነካ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከበዛ ኳሱን ትነጠቃላችሁ። ቱምቢውን ከፍ ስታደርጉት ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዝቅ ስታደርጉት ይጠባል። እኔ ጠበቅ አድርጌዋለሁ። የገፋኸውን ያህል የማይቀጣህ ማሽን ላይ ኳስ ማዳን ደስ አይልም።

ሰም መቀባት አትርሱ። አዲስ ነው ብላችሁ አትተዉት። ካርናውባ የሚባለው፣ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ደረቅ ሰም ነው የሚመከረው፤ በለስላሳ ጨርቅ በስሱ ቀብቶ ሲደርቅ መወልወል። ሲሊኮን ያለበት ማንጸባረቂያ እንዳታስጠጉ። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ሰሌዳው ላይ ደቃቅ ጉድጓዶች ታያላችሁ። እኔ ሳያቸው ደንግጬ ነበር። የብረት ኳስ እንጨት ላይ ሲወድቅ የሚተወው ምልክት ነው፣ ሁሉም ማሽን ላይ አለ፣ ጨዋታው በበዛ ቁጥር እርስ በርሱ እየተደራረበ ለዓይን ይጠፋል። መፍራት ያለባችሁ የተቧጨረ ኳስን ነው። የተቧጨረ ኳስ እንደ ሞረድ ሰሌዳውን እየፋቀ ነው የሚዞረው። ኳስ ርካሽ ነው፣ ሰሌዳ ግን አይደለም።

ሶፍትዌሩን ወዲያው አድሱ። የዛሬ ፒንቦል ሲሸጥ ብዙ ጊዜ የጨዋታው ሕጎች ሁሉ ተጽፈው አላለቁም፣ አምራቾች ለወራት እየጨመሩ ይሄዳሉ። የእኔን በፍላሽ አደስኩት፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ወሰደ። ስታድሱት የኮይል ኃይሉን ወደ ፋብሪካው ቁጥር ሊመልሰው ስለሚችል ያስተካከላችሁትን ቀድማችሁ ጻፉት። የእኔን መልሶታል።

ስለ አገልግሎቱም ልበል። አብሮት የመጣው መመሪያ ስምንት ገጽ ነው፣ ግማሹ የደህንነት ማስጠንቀቂያ። ስለ ፍሊፐር አቀማመጥ አንድ መስመር የለበትም። ይሄን ያህል ገንዘብ ለከፈለ ሰው አይገባም። በሌላ በኩል ግን ስለ ፕለንጀሩ ቪዲዮ ቀርጬ ለቴክኒክ ክፍላቸው በላክኩ በሁለተኛው ቀን አንድ ባለሙያ ራሱ ደወለልኝ፣ ከሥር ሆኜ ስመለከት በስልክ ምራኝ አልኩት፣ መራኝ፣ ሞላውንም በነጻ ላከልኝ። ሰውየው ታጋሽ ነበር። እንደሱ ዓይነት ሰው መመሪያውን ቢጽፈው ብዬ ተመኘሁ።

ድምፁ ይሰማል። ድምፅ ማጉያውን ብትቀንሱት እንኳ ኮይሎቹ ይመታሉ፣ ንዝረቱ በእግሮቹ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከታች ሰው የሚኖር ከሆነ መጫሚያዎቹ ሥር ወፍራም ጎማ አድርጉ፣ ከዚያ ተዳፋቱን መልሳችሁ ለኩ።

ትናንት ማታ ያቺን ወረቀት አወጣሁ። ከቀኝ ፍሊፐር፣ ወደ ግራው ራምፕ፣ ሃያ ጊዜ። አሥራ አራት ገባ። እጄ ትንሽ ለምዶ ይሆናል፤ ለማረጋገጥ ከመጀመሪያው ማታ ወዲህ ያልተጫወተችውን እህቴን አስመታኋት፣ እሷ አሥራ አንድ አገባች፤ ያኔ ሦስት እንኳ አላገባችም ነበር።

አሁን ያልተስማማንበት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከዳር በኩል ኳስ የሚያመልጥባቸው ሁለት መውጫዎች አሉ፣ አጠገባቸው ያለው ምሰሶ በሦስት ቀዳዳ ወደ ላይና ወደ ታች ይዛወራል፤ መውጫውን ማጥበቢያና ማስፊያ ነው። እኔ ክፍት ይሁን እላለሁ፣ እሷ ዝግ። ለጊዜው ግራው በእኔ ልክ ነው፣ ቀኙ በእሷ።